ክትባቱ ያደረበት ፍሪጅ

ሰፈሩ ሁሉ «በረዶ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት ልጆች ናቸው፤ ፍሪጅ ጠጋኝ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ሲጨብጣቸው እጁ ሁልጊዜ ስለሚቀዘቅዛቸው ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ ይቆጣ ነበር። በኋላ ግን ከሱቁ በር በላይ ከተሰቀለው ሰሌዳ ይልቅ ቅጽል ስሙ ብዙ ደንበኛ ሲያመጣለት ጊዜ ኩርፊያውን ዋጥ አደረገ። ሚስቱ እንኳ ነገረ ሥራው ሲያናድዳት «አቶ በረዶ» ትለዋለች፤ ደስ ሲላት ግን «አንተዬ» ነው።

በረዶ ሥራው ላይ የሰው ቃል አያምንም። ክፋት የለበትም፣ ልማዱ ነው። ደንበኛው «ጋዙ አልቆ ነው» ቢለው፣ «ይሆናል» ብሎ አንገቱን ይነቀንቅና የራሱን ያደርጋል። መጀመሪያ የፍሪጁን ሶኬት ይነቅላል። ከዚያ ጆሮውን ከጎኑ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጋዙ ቧንቧው ውስጥ እየተንሿሿ ሄዶ እስኪረጋ ያዳምጣል። የቆመ ሞተር ወዲያው ከተነሳ ሊቃጠል ስለሚችል ትንሽ ይቆያል፤ እስከዚያው የበሩን ጎማ በጣቱ ይዳስሳል፣ የባለቤቶቹን ጨዋታ ይሰማል። ሲበቃው መልሶ ይሰካና ሞተሩ ሲነሳ የምትሰማውን የመጀመሪያዋን ድምፅ ይጠብቃል። «በሽታው እሷ ላይ ነው ያለው» ይላል። ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ሲሳሳት ደግሞ ጥፋቱ የፍሪጁ ነው።

ሌላም ሕግ አለው፤ አዲስ ሞዴል በወጣበት ዓመት አይገዛም፣ ሰው ሲገዛም አይወድም። «ሌላው ይግዛው፤ ሲበላሽ ልየውና ከዚያ እናወራለን» ነው የሚለው። እቤቱ ያለው ፍሪጅ ከትዳሩ ጋር እኩያ ነው፤ ሁለቱንም እየጠጋገነ ነው የኖረው።

ሚስቱ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። ቀኑን ሙሉ አፍንጫ ስትጠርግ፣ ጫማ ስታስር፣ የተጣሉትን ስታስታርቅ ስለምትውል፣ ቤት ስትገባ ባልዋንም በዚያው ዓይን ታየዋለች። «እጅህን ታጥበሃል?» ትለዋለች፣ ፀጉሩ የሸበተውን ሰውዬ። የራሳቸው ልጅ የላቸውም። እሷን ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ናት፤ እናታቸው ስትሞት እሷ ገና ጡት አልጣለችም ነበር፣ እህትየዋም ራሷ ልጅ ነበረች። «እትዬ» ትላታለች። እትዬ ትምህርቷን ትታ፣ የመጣላትንም ባል «እቺን ሳላደርስ አልሄድም» ብላ መልሳ ነው ያሳደገቻት። ኋላ ዘግይታ አገባችና ከባልዋ ጋር ባሕር ማዶ ሄደች፤ ባልዋ ሲሞትም እዚያው ከልጇ ጋር ቀረች። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር መምህርቷ ሻንጣዋን ትይዝና እብስ ነው። «እናቴ ጋ ልሄድ ነው» ትላለች፣ እህቴ ማለቱ አይመጣላትም።

ከዚያ ዓለምን ያዳረሰው በሽታ መጣና በሩ ሁሉ ተዘጋ። አውሮፕላኑ ቆመ፣ ድንበሩ ተከረቸመ። ሻንጣዋ ከአልጋው ሥር ገብታ አቧራ ጠጣች። እህትማማቾቹ በስልክ ብቻ ሲተያዩ ሰነበቱ። በመጨረሻም እትዬ ያለችበት አገር «የተከተበ ሰው መግባት ይችላል» አለ።

መምህርቷ ይህን የሰማች ዕለት የቤቱን በር ሳትዘጋ ነው «ተከፈተ!» እያለች የገባችው። በረዶ ግን ልቡ ድንግጥ አለ።

ምክንያት ነበረው። ከብዙ ዓመት በፊት ጉሮሮዋን ታማ አንድ ክሊኒክ መርፌ ተወግታ ነበር። አልወጋም ብላ ነበር፤ «ተወጊና ይለፍልሽ፣ እንደ ተማሪዎችሽ አትሁኚ» ብሎ እየቀለደ ይዟት የሄደው እሱ ነው። ከክሊኒኩ ሳይወጡ ፊቷ አበጠ፣ ዓይኗ ተደፈነ፣ ትንፋሿ ፉጨት ሆነ። ነርሶቹ ተሯሩጠው አተረፏት። እሱ ግን ያቺን ፉጨት አልረሳትም። ድምፅ በመስማት እንጀራውን የሚበላ ሰው ነውና፣ እንዲህ ያለውን ድምፅ ልርሳው ቢልም አይሆንለትም። አንዳንዴ ጎኑ ተኝታ እያለች ትንፋሿን ያዳምጣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዙር ክትባት ጤና ጣቢያው ሲደርስ፣ «እንቆይ» አለ።

«እስከ መቼ?»

«ሌላው ሰው ይሞክረውና እንየው።»

«ፍሪጅ ልንገዛ መሰለህ እንዴ፣ አንተዬ?»

«ፍሪጅማ ቢበላሽ እጠግነዋለሁ። አንቺን በምን ልጠግንሽ ነው?»

መልስ ነበራት፤ ግን የራሷም ፍርሃት አፏን ያዘው። በዚያ ላይ እንዲህ ሲላት አንጀቷን በላው።

ሰውየው በዚህ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ፀጉር ሊቆረጥ ሄደ። ፀጉር አስተካካዩ የሰፈሩ ዜና ማሠራጫ ነው፤ መቀስ ይዞ ስለሚያወራ የሚከራከረው የለም።

«ስማኝ በረዶ» አለው፣ አንገቱን ወደ ታች ደፍቆ፣ «ይሄ ነገር በስንት ጊዜ ተሠራ? አንድ አጥር እንኳ ለማጠር ዓመት ይፈጃል እዚህ ሰፈር። የአክስቴ ልጅ ጎረቤት ተወጉልህና በማግስቱ ክንዳቸው ላይ ማንኪያ ተለጠፈ።»

«ማንኪያ?»

«ማንኪያ! በዓይኔ በብረቱ ያየሁት።»

«ክንዳቸውን?»

«ቪዲዮውን።»

በረዶ ማግኔት ያውቃል፤ የፍሪጅ በር የሚገጥመው በምን ሆነና። ውሸት መሆኑ ወዲያው ገብቶት ሳቀ። ነገር ግን ወረፋ ይጠብቅ የነበረ አንድ ዝምተኛ የባንክ ሠራተኛ፣ «እኔ ተወግቼ ትኩሳት ጣለኝ፣ ከዚያ ተሻለኝና ሥራ ገባሁ» ሲል፣ በረዶ ሥራ መግባቱን አልሰማም። ትኩሳቱን ብቻ ይዞ ቤቱ ገባ። የፈራ ሰው ጆሮ እንዲህ ነው፤ መርጦ ይሰማል። ማንኪያው እንደማይለጠፍ እያወቀ እንኳ የሚስቱን ክንድ ባየ ቁጥር ማንኪያው ትዝ ይለው ጀመር። በራሱ አፈረ፤ ማፈሩ ግን ፍርሃቱን አልቀነሰለትም።

መምህርቷ በበኩሏ የምታውቀውን ሰው ሁሉ ጠየቀች። አብረዋት የሚያስተምሩት ተወግተዋል፤ አንዷን ክንዷን ጠዘጠዛት፣ አንዷ ራስ ምታት ያዛትና ተኛች፣ ሌሎቹን ምንም አላላቸውም። እንደሷ መርፌ ያበጠበት ሰው ግን አላገኘችም። አንድ ከሰዓት በኋላ ለተማሪዎቿ ከባለቀለም ወረቀት አበባ እየቆረጠች፣ ቀና ሳትል፣

«እኔም እኮ እፈራለሁ» አለችው።

በረዶ ከተቆረጡት አበቦች አንዱን አንስቶ ያገላብጥ ጀመር።

«የምትፈራው አንተ ብቻ አይምሰልህ። ያን ቀን የታፈንኩት እኔ ነኝ። ሳስበው እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ጥብብ ይላል። ግን ሁለት ነገር ነው የምፈራው። አንደኛው መርፌው ነው። ሁለተኛው እትዬ ሳላያት...» አልጨረሰችውም። መቀሱን አስቀመጠች። «ሁለተኛው ይብሳል።»

«ትንሽ ብቻ እንቆይ። የሚመጣውን ዙር።»

«እሺ። ትንሽ።»

እሺ ያለችው ስለምትወደው ነው። ክፋቱም ይኸው ነው፤ ጮኻበት እምቢ ብትል ይሻላት ነበር። የመጀመሪያው ዙር እንዲህ አለፈ፤ የሰፈሩ ሰው ተወጋ፣ ክንዱን ይዞ አጉረመረመ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ። በረዶም እያንዳንዱን ሰው ሰላም እያለ ከላይ እስከ ታች አየው። ሁሉም ደህና ነበር። «አሁንስ?» አለችው። «ክትባቱ አለቀ፣ የሚቀጥለው ሲመጣ» አላት፤ ማለቁንም ሲነግራት ደስ እንዳለው ድምፁ አሳበቀበት። ያን ቀን ስሙ «አቶ በረዶ» ሆኖ ዋለ።

እትዬ የምትደውለው እሑድ ከሰዓት ነው። ልጇ ደውሎ ይሰጣታል፤ እሷ ስልክ ቀጥ አድርጋ መያዝ ስለማይሆንላት ብዙውን ጊዜ የሚታየው ግማሽ ግንባሯና ጣሪያው ነው። ስትስቅ ጣሪያው ይነቃነቃል። መምህርቷም «እትዬ፣ አምፖላችሁን አየሁት፣ አሁን ደግሞ አንቺን አሳዪኝ» ትላታለች፤ ጣሪያው የባሰውን ይነቃነቃል።

አንድ እሑድ ግን ስልኩን የያዘው ልጇ ነበር። እትዬ ትራስ ተደግፋ፣ ፊቷ አንሶ፣ በየቃሉ መሃል እያረፈች ነው የምታወራው። «ከስተሻል» አለቻት ታናሽ እህቷን፣ የራሷን መክሳት ሳታይ። ጥቂት አውርተው ደከማት። ልጇ ስልኩን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አክስቴ፣ ልቧ ደክሟል። ሐኪሞቹ ብዙ ተስፋ አልሰጡንም። መምጣት ከቻልሽ አሁን ነው» አላት።

መምህርቷ ስልኩን ዘጋች። አላለቀሰችም። ባልዋን ቀጥ አድርጋ እያየች፣

«ሁለተኛው ዙር ሲገባ እወጋለሁ» አለች። «ተወግቼ የሚያስጠብቁኝን ጥቂት ሳምንት ጠብቄ እሄዳለሁ። ብትስማማም ባትስማማም።»

በረዶ ይህን ጊዜ አልተከራከረም። ምን ብሎ? ፍርሃቱ ግን በቃሏ ብቻ አልለቀቀውም፤ መውጫ ሲያጣ ወደሚያውቀው ነገር ዞረ። ክትባት ቅዝቃዜ ይፈልጋል። የጤና ጣቢያውን ፍሪጅ ደግሞ ከእሱ የበለጠ የሚያውቀው የለም። አርጅቷል፤ የበሩ ጎማ ላልቷል፤ ሙቀት ሲገባው የምትጮኸው ማስጠንቀቂያ ድምጿ ከጠፋ ቆይቷል። ቀይሩት ብሏቸው ነበር፣ እሺ ብለውት ነበር፣ እዚያው ላይ ቀረ። «የሞቀ ክትባት ሊወጓት ነው» የሚል ሐሳብ አንዴ ከገባበት በኋላ አልወጣ አለው።

ሁለተኛው ዙር ገባ ተባለ። መምህርቷ ለማግስቱ ጠዋት ተቀጠረች። በረዶም ያን ዕለት ወደ ማምሻው ላይ ሱቁን ዘጋና የዕቃ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደ። ማንም አልጠራውም።

ክትባት የምትሰጠው ሲስተር ወጣት ናት፤ ቀልጣፋ፣ እንቅልፍ ያጣች፣ ኪሷ ሙሉ እስክሪብቶ። ቦርሳውን ስታይ ግራ ገባት።

«ጋሼ፣ ማን ጠራዎት? ፍሪጁ እኮ ደህና ነው።»

«ማንም አልጠራኝም። ልየው ብዬ ነው።»

በሩን ከፍታ ውስጥ የተንጠለጠለችውን ቴርሞሜትር አሳየችው። ልክ ነበረች። ትናንሾቹ ብልቃጦች በየካርቶናቸው ተደርድረው መደርደሪያውን ሞልተውታል።

«ይኸው፣ ሰላም ነው።»

«ድምፁን ልስማው።»

«እሺ፣ ቶሎ ይበሉ ታዲያ።»

ሶኬቱን ነቀለ። ጆሮውን ለጠፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ጋዙ ተንሿሿ፣ ሮጠ፣ ቀስ አለ፣ ረጋ። ምንም እንከን የለውም። እስኪሰካው ድረስ እንደ ልማዱ የበሩን ጎማ በጣቱ ይዳስስ ጀመር። ሲስተሯ ጠረጴዛዋን እየሰበሰበች በጎን ታየዋለች።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። የመጡት ለፍሪጁ ነው?»

በረዶ መዳሰሱን አላቆመም። ከዚያ ግን አፉ አመለጠው። ስለዚያ ክሊኒክ ነገራት፤ ስለ ፊቷ፣ ስለ ፉጨቱ፣ እየቀለደ ይዟት የሄደው እሱ ስለመሆኑ። ለማንም ተናግሮት አያውቅም ነበር። ሲጨርስ ጣቱ ጎማው ላይ ቆሞ ቀርቷል።

ሲስተሯ አልሳቀችበትም፣ አልተቆጣችውምም። ወንበር ሰጥታ አስቀመጠችውና ያ መርፌ ምን እንደነበር ጠየቀችው። ስሙን አልረሳውም ነበር። ያ መድኃኒት በዚህ ክትባት ውስጥ እንደሌለ ነገረችው።

«እንግዲያው ምንም አትሆንም በይኛ።»

«አልልዎትም። እንደዛ ካልኩ ዋሸሁ» አለች። «አዲስ ነው ቢሉም እውነትዎን ነው። ግን ከኛ በፊት ስንትና ስንት ሰው ወስዶታል፣ አሁንም እየተከታተሉት ነው። ክንድ ያማል፣ ትኩሳት ይመጣል፣ ይሄዳል። አልፎ አልፎ ሰውነቱ የሚቆጣ ሰው አለ፤ ቶሎ ከታየ ግን መድኃኒት አለው። ብዙ ጊዜም የሚጀምረው እዚሁ ወንበር ላይ እያሉ ነው፤ ተወግታችሁ ቁጭ በሉ የምንለው ለዛ ነው። እሳቸውም ሲቀጠሩ መርፌ አሳብጦኝ ያውቃል ብለውኝ ስለነበር ሐኪሙን አማክሬያለሁ፤ ይወጉ ብሏል። ከሌላው ሰው ረዘም አድርጌ አስቀምጣቸዋለሁ፣ መድኃኒቱን አዘጋጅቼ እኔም ጎናቸው እሆናለሁ። ሳይወጉ ቀርተው በሽታው ቢይዛቸውስ፣ ጋሼ? ያንንም እኮ አብረው ማሰብ ነው።»

በረዶ መሬት መሬት አየ።

«ያን ጊዜ ክሊኒኩ ውስጥ የረዳቸው ሰው አልነበረም?»

«ነበር እንጂ። ያተረፏት እነሱ ናቸው» አለ።

ራሱ ተናግሮ ራሱ ደነገጠ። ይህን ሁሉ ዓመት ሲያስብ የኖረው የወጋትን መርፌ ነው፤ ያተረፏትን እጆች አንድ ቀን እንኳ አስቧቸው አያውቅም። ቀስ ብሎ ሸክሙ ሲቀልለት ተሰማው። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ሳቁም መጣ። «እንግዲህ ነገ እኔ ራሴ ይዣት እመጣለሁ፤ እኔንም ትወጊኛለሽ» አለና ተነሳ። «ተባረኪ ልጄ» እያለ የሲስተሯን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። ቦርሳውን አነሳ። ሲስተሯም መብራቱን አጥፍታ ተከትላው ወጣች፤ እስከ በሩ እያወሩ ሄዱ።

ሶኬቱ ግድግዳው ሥር ተጋድሞ ቀረ። በሥራ ዘመኑ ሁሉ አንድም ፍሪጅ ሳይሰካ ወጥቶ አያውቅም። ሲጠራጠርና ሲፈራ ኖሮ ያልረሳውን፣ ልቡ ባረፈ ቀን ረሳው።

ቤት ሲገባ መምህርቷ ፊቱን አይታ፣ «ምን ሆነሃል? ሎተሪ ደረሰህ?» አለችው።

«ነገ እኔ ነኝ የምወስድሽ። አብረን ነው የምንወጋው። ከፈለግሽ ስንመለስ ከረሜላ እገዛልሻለሁ።»

መጀመሪያ የሚቀልድባት መሰላት። ከዚያ አንገቱን አቅፋ ቀረች። ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣች፣ አቧራውን ስታራግፍ ሁለቱም አስነጠሳቸው። ለእትዬ ወዲያው ካልደወልኩ ብላ ደወለች። «ነገ ልወጋ ነው፣ መጣሁልሽ በቃ!» አለቻት። እትዬ ያን ቀን ሻል ብሏት ስልኩን ራሷ ነበር የያዘችው፤ ጣሪያው ተነቃነቀ። «ክፍልሽን አሁኑኑ አስጠርጋለሁ፤ ሰውየውንም ይዘሽው ነይ» ስትል ተሰማ። በረዶ ከኋላ ሆኖ «እመጣለሁ እትዬ!» ብሎ ጮኸ። ባልና ሚስቱ እንደዚያን ዕለት ደስ ብሏቸው ካመሹ ብዙ ጊዜ ሆኗቸው ነበር።

ጠዋት ሲደርሱ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ሰው ተሰብስቧል፤ ሰልፉ ግን ፈርሷል። ለትምህርት ውጭ አገር ልትሄድ የነበረች ወጣት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። አንድ ሰውዬ «ሥራ ጥዬ ነው የመጣሁት!» እያለ ይጮኻል። ሲስተሯ የክትባት ክፍሉ በር ላይ ቆማለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ነገርኳችሁ እኮ፣ ፍሪጁ ጠፍቶ አድሯል። ቴርሞሜትሩን አይቼዋለሁ፣ ሁሉም ሞቋል። አልሰጥም።»

«ትንሽ ቢሞቅ ምን ይሆናል?» አላት ሰውየው።

«ላይሠራ ይችላል። ሳይከተቡ ተከትቤያለሁ ብለው ይሄዳሉ። አንዱንም አልሰጥም።»

«ሌላ መቼ ነው የሚመጣው?» ያለችው መምህርቷ ናት። ድምጿ ቀጥኗል።

«አላውቅም። ያለን ይሄው ብቻ ነበር። ሌላ ከተማ ያለውም ለራሱ አልበቃው።»

በረዶ ጆሮው ጭው አለ። ከዚያ በኋላ የተባለውን ለጥቂት ጊዜ አልሰማም። የታየው ግድግዳው ሥር የተጋደመው ሶኬት ነው።

ከክፍሉ ውስጥ የጣቢያው ኃላፊ ወጣ፤ ከኋላው የጽዳት ሠራተኛዋ፣ መወልወያዋን እንደያዘች። «ሶኬቱ ተነቅሎ ነው የተገኘው። ማታ ክፍሉን ያጸዳሽው አንቺ ነሽ። ሌላ ማን ገባ?» ይላታል። ሴትዮዋ «እኔ አልነካሁትም፤ ወለሉን ብቻ ነው የወለወልኩት፤ ልጆቼን!» እያለች ትምላለች። ሰዉም ንዴቱን የሚያወርድበት አገኘና ወደሷ ዞረ። አንዱ «ስልኳን ልትሰካ ነቅላው ነው» አለ፤ ሌላው ተቀበለው፤ ወዲያው በዓይኑ እንዳየ ሰው የሚያወራ ተገኘ።

ሲስተሯ በዚህ መሃል በረዶን አየችው። ወደሱ መጣች።

«ጋሼ፣ ትናንት እርስዎ መልሰው ሰክተውት ነበር፣ አይደል?»

አዎ ቢል የሚጠይቀው አልነበረም። ሲስተሯም አዎ እንዲላት ነው የጠየቀችው። መምህርቷ ግን ፊቷን ወደሱ መለሰች፤ ትናንት ወደዚህ መምጣቱን የሰማችው ገና አሁን ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ በሁለት እጇ መወልወያውን ጨብጣ እየተንቀጠቀጠች ነበር።

«አልሰካሁትም» አለ። «እሷ አልነካችውም፤ ተዉአት። የነቀልኩት እኔ ነኝ፣ ረስቼ የሄድኩትም እኔ ነኝ።»

ስድቡ ወረደበት። ፈሪ አሉት፣ ሆን ብሎ ነው አሉት፤ ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ሳይቀር፣ ለካ እሱም በስውር ሊወጋ መጥቶ ኖሯል፣ «አሁን ይሄ ይደረጋል?» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። በረዶ ግን የሚያየው ሚስቱን ብቻ ነው። ለመርፌው ብላ እጅጌው ሰፊ የሆነ ሸሚዝ ነበር የለበሰችው።

«ማን ጠራህ?» አለችው፣ በቀስታ።

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ፈርቼ» አለ። «ላንቺ ፈርቼ።»

ቆማ አየችው። ቢጮኹበት የሚሻለው ሰው አለ፤ በረዶ እንደዚያ ነው። እሷ ግን ዞር ብላ ብቻዋን ወደ ቤቷ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ በነበሩት ቀናት በረዶ ያልሄደበት ጤና ጣቢያ የለም። ሱቁን ዘግቶ በአውቶቡስ፣ በእግሩ፣ ባገኘው ዞረ፤ ለአንድ ሰው ብቻ ብሎ ለመነ። አንዱ ዘንድ አልቋል፣ ሌላው ዘንድ ገና አልመጣም፣ ሦስተኛው ዘንድ ተራው ሩቅ ነው። ማታ ማታ ባዶ እጁን ሲገባ መምህርቷ «አገኘህ?» አትለውም። ሻንጣው ክፍሉ መሃል ክፍቱን ተቀምጧል፤ አልሞላችውም፣ አልመለሰችውም። ለእትዬም ምንም አልነገረቻትም። ልጇ ሲደውል «ቀኑን እያረጋገጥኩ ነው» ትልና ትዘጋለች። እጅህን ታጥበሃል ማለቱንም ትታዋለች።

አንድ ከሰዓት ላይ ስልኩ ጠራ። የእትዬ ልጅ ነው። መምህርቷ ስሙን አይታ አላነሳችም። ዘጋና እንደገና ጠራ። ልጁ በዚህ ሰዓት ደውሎ አያውቅም፤ ለምን እንደደወለ ለሁለቱም ገብቷቸዋል። መምህርቷ ስልኩን አነሳችና ለባልዋ ዘረጋችለት።

«አንተ ንገራት።»

«ምን ብዬ?»

«እውነቱን። እኔ እትዬን መዋሸት አልቻልኩበትም። እውነቱን ለመንገር ደግሞ አቅም አጣሁ።» ከግቢው ወዲህ ይህን ያህል ስታናግረው የመጀመሪያዋ ነው። «ንገራት፤ እየጠበቀችኝ አትሙት።»

ስልኩን ተቀበላት። መጀመሪያ የታየው የልጁ ፊት ነበር፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ስትጠራችሁ ነው ያደረችው» አለና ስልኩን ወደ አልጋው አዞረው። እትዬ ትራሱ ውስጥ ጠፍታለች፤ ፀጉሯና ዓይኗ ብቻ የቀረ ይመስላል።

«እትዬ» አለ በረዶ። «እትዬ፣ እኔ ነኝ።»

ዓይኗን አጥብባ አየችው። ለየችው። ከኋላው የቆመችውን እህቷንም አየቻትና ፊቷ ፈካ።

«ደረሳችሁ?» አለች።

በረዶ እውነቱን ሊነግራት አፉን ከፈተ። እትዬ ግን መልሱን አልጠበቀችም። አንገቷን በጭንቅ ወደ ልጇ አዞረችና በቀረቻት ትንፋሽ ተቆጣችው።

«ምን ቆመሃል? ደጅ አታስቁማቸው እንጂ፣ በሩን ክፈትላቸው!»